62 መስመር፣ 34 ልጅ፣ አንድ እስክሪብቶ

ጤና ይስጥልኝ። የዓምድዎ ተከታታይ ነኝ። መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ልጆቼ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ናቸው። 34 ናቸው፤ አንዲት ረዳት አለችኝ። ዘንድሮ «የዕድገት መስፈርት» የሚል ቼክሊስት ተሰጠን። 62 መስመር አለው። ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመት ሦስት ጊዜ «ይችላል» ወይም «አይችልም» እያልን እንሞላለን። ርዕሰ መምህሯ ባዶ ሳጥን ማየት አይወዱም። እውነቱን ልንገርዎት? ያላየሁትንም ሞልቻለሁ።

የጻፍኩልዎት ግን ስለ አንድ ልጅ ነው። አራት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። እርሳስ የሚይዘው በጭብጡ ነው። ፊደል አይጽፍም። ስለዚህ «አይችልም» በዝቶበታል። ግን በእንጨት ብሎክ የሚሠራው ድልድይ እኔንም ያስገርመኛል። ኩባያ ሲያድል ደግሞ አንድም ልጅ አይዘልም። አባቱ ወረቀቱን አይተው «ልጄ ዘገምተኛ ነው ማለት ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ሌሎቹ ደህና ናቸው። አንዲት ልጅ ብቻ ካለፈው ወሰነ ትምህርት ወዲህ ዝም ብላለች፤ ግን አታስቸግርም፣ ወረቀቷም ሙሉ ነው። ምን ላድርግ? ወረቀቱን ልተወው ወይስ ልጁን ላስጨንቀው?

እስክሪብቶ የሰለቻት መምህርት

* * *

እስክሪብቶ የሰለቻት እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ ያደረግኩት ሒሳብ መሥራት ነው። 34 በ62 ሲባዛ 2,108 ሳጥን ይሆናል። ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ብትሰጪው ከ17 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያውም ልጁን ሳታዪው፣ ምልክት ብቻ ስታደርጊ። እሱም በዓመት ሦስት ጊዜ። ያላየሽውን መሙላትሽ ስለዚህ አልገረመኝም። እኔም ሞልቻለሁ። ልጆቹ ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ «ይሄ ልጅ በአንድ እግሩ ይዘላል እንዴ? ይዘል ይሆናል» እያልኩ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ወረቀቱን አትተዪው፤ ልጁንም አታስጨንቂው። መጀመሪያ ግን እጅሽ ላይ ያለው ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ እንወቅ። በእኛ ሥራ «ስታንዳርድ» ወይም «ማዕቀፍ» ሲባል የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ለመለየት የምጠቀምባት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ ይህ ወረቀት የሚጠይቀው ማንን ነው? ልጁን ነው ወይስ እኔን?

ልጁን የሚጠይቀው የዕድገት ምልክቶች ዝርዝር ነው። መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ቆመ፣ መቼ ሁለት ቃል አገጣጠመ የሚለው። ይሄ ከጤና ባለሙያዎች ቤት የመጣ ነው። ሥራውም እንደ ወንፊት ነው፤ በደንብ መታየት ያለበትን ልጅ ቶሎ ለመለየት። ማርክ ለመስጠት አልተሠራም። ደግሞ ወንፊቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ የሆኑና በደንብ የተያዙ ሕፃናትን ተከታትሎ ነው። ብቻን መራመድ ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 17 ወር ተኩል ድረስ ተዘርግቶ ተገኘ። ከዘጠኝ ወር በላይ ልዩነት! ከመቶ አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበት መዳህን ጭራሽ ዘለውታል።

አሁን የአንቺን ክፍል አስቢው። አንዱ ልጅ ገና አራት ዓመት ሞላው፤ ሌላው አምስት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ትልቁ ከትንሹ በሩብ ዕድሜ ያህል በልጦ ኖሯል። ወረቀቱ ግን ሁለቱን በአንድ መስመር ያሰልፋቸዋል።

ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የራሱን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2022 ከለሰ። ቀድሞ ብዙ ምልክቶች የሚቀመጡት ከልጆች ግማሽ ያህሉ በሚደርሱበት ዕድሜ ላይ ነበር። አሁን ቢያንስ ከመቶ 75ቱ ወደሚደርሱበት ዕድሜ ተዛወሩ። መዳህም ከዝርዝሩ ወጣ። ለውጡ ያልተዋጠላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ምክንያቱ ግን ይገባኛል። ግማሹ ልጅ «አልደረሰም» በሚባልበት ወረቀት ማንም አይደነግጥም። ወላጅም ሐኪምም «ቆይ እስኪ እንይ» ማለት ይለምዳል። በመሀል በእውነት እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ጊዜው ያልፋል።

ስለዚህ 62ቱን መስመር ያዘጋጁትን ሰዎች ይህን ብቻ ጠይቂልኝ፦ እያንዳንዱ መስመር በስንት ዓመት ከስንት ወር፣ ከመቶ ስንት ልጅ የሚችለው ነገር ነው? መልስ ከሌላቸው «አይችልም» የሚለው ቃል ምንም አልነገረሽም ማለት ነው። አባትየውን ግን አስደንግጧል።

ሁለተኛው ዓይነት የመማር ግብ ነው። ልጆች በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን ቢማሩ ጥሩ ነው የሚል። ይሄ የትምህርት ሰዎች ወረቀት ነው። ልጁን የሚጠይቅ ይመስላል፤ ቀረብ ብለሽ ስታዪው ግን ግማሹ ጥያቄ ለአንቺ ነው። «ልጁ ታሪክ ይተርካል» ከሚለው መስመር ጀርባ «ሲተርክ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው አለ ወይ?» የሚል አለ። እንግሊዝ 17 የመማር ግቦች አሏት። ልጆቹ የሚመዘኑት አምስት ዓመት በሚሞላቸው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ አስተማሪዎችን የሚያግዝ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ ነበር። በገጾቹ ግርጌ ልጆች በየራሳቸው ፍጥነትና መንገድ እንደሚያድጉና ዝርዝሩን እንደ ቼክሊስት መጠቀም እንደማይገባ ተጽፎበታል። ሰዉ ምን አደረገ? ቼክሊስት አደረገው! በዕድሜ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ያየ ሰው እጁ ወደ እስክሪብቶ ይሄዳል መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ የትናንሽ ልጆች ትምህርት ማዕቀፍ ሲከለስ አንዱ ዓላማ ይህን የወረቀት ክምር መቀነስ ነበር። የማዕቀፉ ሕግ ራሱ ምዘና አስተማሪን ከልጆቹ ለረጅም ጊዜ የሚነጥል ወይም ከመጠን ያለፈ ጽሕፈት የሚጠይቅ መሆን እንደሌለበት ይናገራል። ይቺን ለርዕሰ መምህሯ በጨዋ ደንብ ማንሳት ትችያለሽ።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ የኒውዚላንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ በ2017 የተከለሰው ማዕቀፋቸው ስሙን ያገኘው በማኦሪ ቋንቋ ከተሸመነ ምንጣፍ ነው። አምስት ሐሳቦች አሉት፦ ደኅንነት፣ የእኔ ነው የሚሉት ቦታ ማግኘት፣ የራስን ድርሻ ማበርከት፣ መግባባት፣ መመራመር። አምስቱ እንደ ሰሌን እየተጠላለፉ ይሸመናሉ። ምንጣፍ ላይ ይቆማል እንጂ እንደ መሰላል አይወጣበትም። የእናንተ 62 መስመር መሰላል ነው። የአንተ ልጅ ስንተኛው እርከን ላይ ነው ያሰኛል።

ሦስተኛው ወረቀት ስለ አዋቂዎቹ ብቻ ነው። ክፍሉ ምን ይመስላል፣ ስንት ልጅ ለስንት አዋቂ፣ መጫወቻ አለ ወይ፣ አስተማሪዋ ሥልጠና አግኝታለች ወይ። ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ይሄኛው ነው። የአሜሪካ የትናንሽ ልጆች ትምህርት ብሔራዊ ማኅበር ለአራት ዓመት ልጆች በአንድ ቡድን ከ20 እንዳይበልጡ፣ ለአንድ አዋቂም ከ10 በላይ እንዳይደርሱ ይመክራል። በእንግሊዝ ደግሞ ሦስት ዓመት ሞልቷቸው መደበኛ ትምህርት ገና ላልጀመሩ ልጆች ብቁ መምህር ሲኖር እስከ 13፣ ከሌለ እስከ 8 ነው ለአንድ አዋቂ የሚፈቀደው። አንቺና ረዳትሽ 34 ለሁለት ስትካፈሉ 17፣ 17 ይደርሳችኋል። ለልጆቹ 62 መስመር የጻፈ ሰው ለትምህርት ቤቱ ስንት መስመር ጻፈ? እኔ ብሆን ይህን እጠይቅ ነበር። በእርግጥ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ምላሴ ነፃ ነው። አንቺ ጊዜ ምረጪ።

አሁን ወደ ልጁ። ስለ እርሳሱ።

እጅ ከትልቁ እንቅስቃሴ ወደ ትንሹ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ትከሻ፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ አንጓ፣ መጨረሻ ላይ ጣቶች። ልጅ እርሳስ በጭብጥ ይይዛል፣ ቆይቶ በጣቶቹ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ በሦስት ጣት አያያዝ ይረጋጋሉ። ቅርጽ መገልበጥም ተራ አለው። ክብ ሦስት ዓመት አካባቢ፣ መስቀለኛ አራት አካባቢ፣ አራት ማዕዘን ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ሦስት ማዕዘን አምስት ዓመት አካባቢ ነው የሚመጣው። ሰያፍ መስመር ይከብዳላ። እስኪ ፊደላችንን አስቢው፤ ጎንበስ፣ ቀለስ፣ ዘንበል ያላለበት ስንት ነው? አራት ዓመት ከአምስት ወር የሆነው ልጅ ፊደል አለመጻፉ ብቻውን የሚያሳስብ አይደለም። እኔ የማየው ክብና መስቀለኛ መሥራት መቻሉን ነው። ሁለቱንም ፈጽሞ ካልሞከረ፣ ቁልፍና ማንኪያም አብረው ካስቸገሩት፣ ወይም አንደኛውን እጁን ጨርሶ የማይጠቀም ከሆነ ያኔ ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው።

እስከዚያው እርሳስ አታስጨብጪው። ሸክላ ይጠፍጥፍ፣ ጨርቅ ይጭመቅ፣ ዶቃ ይሰካ፣ በመቀስ ይቁረጥ። ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፊና ቆሞ ይሳል። አንጓው የሚጠነክረው እንዲህ ነው። ከእርሳስ ይልቅ አጠር ያለች ስባሪ ክሬዮን (የሰም ቀለም) ስጪው። አጭር ነገር በጭብጥ ለመያዝ ስለማይመች ጣቶቹ ራሳቸው መንገዱን ያገኙታል። ይቺን ያስተማረችኝ አንዲት ረዳቴ ናት፤ ከብዙ ሥልጠና በላይ ጠቅማኛለች።

ስለ ኩባያው ደግሞ። «አንድም ልጅ አይዘልም» ብለሽ እንደ ቀላል አለፍሽው። ይህ እኮ የሒሳብ መሠረት ነው። አንድ ኩባያ ለአንድ ሰው፣ ሳይደገም፣ ሳይዘለል። እስከ መቶ እንደ ዘፈን የሚያወርድ ልጅ አምስት ጠጠር ቁጠር ሲባል አንዱን ሁለቴ ሲነካ አላየሽም? ድልድዩም እንደዚሁ ነው። ሚዛን አለበት፣ ርዝመት ማነጻጸር አለበት፣ ሲፈርስ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ከ62ቱ መስመር ይህን የሚይዝ አንድ ካለ ሳጥኑን በደማቁ ሙይው። ከሌለ ጉድለቱ የወረቀቱ ነው።

ከሁለቱ ሳጥን ጎን ሦስተኛ ጨምሪ፦ «በእርዳታ ይችላል»። የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ከዘጠና ዓመት በፊት ይህን ብሎ ነው ያለፈው። ልጁ ዛሬ ብቻውን የሚችለው የትናንቱን ይነግርሻል፤ ዛሬ በሰው እርዳታ የሚችለው ነገን ያሳይሻል። ማስተማር ያለብሽም እዚያ መሀል ነው። «ይችላል» ለሚባለው ልጅ ሥራሽ አልቋል፣ «አይችልም» ለሚባለው ገና አልተጀመረም፤ ሦስተኛዋ ሳጥን ግን ለነገ ጠዋት ምን እንደምታዘጋጂ ትነግርሻለች። ርዕሰ መምህሯ ቅጹን መቀየር ካልፈቀዱ ኅዳጉ ላይ በትንሹ «በእ» ብለሽ ጻፊ። ኅዳግ ላይ መጻፍን የሚከለክል ደንብ አላየሁም።

ለአባትየው ወረቀቱን አታሳዪአቸው። ድልድዩን አሳዪአቸው። ልጁ ሲሠራ ይመልከቱ፤ ወይም ፎቶ አንሺና ልጁ ስለ ሥራው ያለውን ከሥሩ ጻፊበት። ከዚያ እንዲህ በያቸው፦ «ልጅዎ ዘገምተኛ ነው ብዬ አላውቅም፣ ወረቀቱም ይህን ለማለት አልተሠራም። በዚህ በዚህ ጎበዝ ነው። እጁ ላይ እየሠራን ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ አብረን እናያለን።» ሁለት ወር ካልሽ ደግሞ ሁለት ወር ይሁን። ቀኑን ጻፊው። «ጊዜው ሲደርስ ይስተካከላል» ብሎ መሸኘት ለወላጅ ደስ ይላል፤ ግን እሱም ሳያዩ መሙላት ነው።

ርዕሰ መምህሯን እንደ ጠላት አትዪአቸው። እሳቸውንም ከላይ ወረቀት የሚጠይቃቸው አለ። ባዶ እጅሽን ሄደሽ «በዛብኝ» ከምትዪ አማራጭ ይዘሽ ሂጂ። በሳምንት አምስት ልጅ ምረጪ። በዚያ ሳምንት እነሱን በደንብ እዪአቸው፣ ሲጫወቱ፣ ሲጣሉ፣ ሲያወሩ። በቀን ሁለት ሦስት መስመር ጻፊ፦ ቀኑን፣ ያየሽውን፣ ልጁ ያለውን ቃል በቃል። ሐተታ አያስፈልግም። «ጎበዝ ነው» አትበዪ፤ «ሁለት ረጃጅም ብሎክ አቁሞ በላያቸው ሦስተኛ አጋደመ፣ ሲወድቅ እግሮቹን አቀራረባቸው» በዪ። በሰባት ሳምንት 34ቱም ይዳረሳሉ። ቼክሊስቱን ከዚያ ማስታወሻ ላይ ትሞዪዋለሽ። የሚሞላው ሳጥን ያንሳል፣ የተሞላው ግን እውነት ይሆናል። ርዕሰ መምህሯ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያሳዩት ነገር ካገኙ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

እስካሁን ስለ ልጁ ነው ያወራሁት፤ የጠየቅሽኝ ስለሱ ነዋ። እንቅልፍ የነሳችኝ ግን ሌላዋ ናት። በአንድ መስመር ያለፍሻት። ዝም ያለችው፣ የማታስቸግረው፣ ወረቀቷ ሙሉ የሆነው።

ወረቀቱ ስለሷ ምንም አላለሽም። ማለትም አይችልም፤ የሚጠይቀው «ትችላለች ወይ?» ብሎ ነው፣ «ከድሮው ምን ተለወጠ?» ብሎ አይደለም። ዘግይቶ የሚናገር ልጅ አለ፣ ብዙ ጊዜ ሰፊው ወንፊት ውስጥ ነው። ይናገር የነበረ ልጅ መናገር ሲተው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በየትኛውም ዕድሜ፣ የነበረ ችሎታ ሲጠፋ ወይም ሲቀንስ «ቆይ እንይ» አይባልም።

ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ። «መመሪያ ይከተላል» የሚለው መስመር ላይ ለሁለት ወሰነ ትምህርት «አይከተልም» ብዬ ጻፍኩበት። እምቢተኛ ነው ብዬ ለእናቱም ነገርኳት። በኋላ ሐኪም ሲያየው ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ልጁ እምቢ አላለም፣ አልሰማኝም እንጂ። ይህ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ሕመም ላይኖረው ይችላል፣ መስማቱም አንድ ሰሞን ሻል፣ አንድ ሰሞን ደከም ይላል። ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። እናቱን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ልጁን ግን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?

የአንቺዋ ልጅ ነገር ጆሮ ይሁን፣ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ይሁን፣ ክፍል ውስጥ የሚያስፈራት ልጅ ይሁን ከዚህ ሆኜ መገመት አልችልም። አንቺ ግን መጀመር ትችያለሽ። ነገ ጠዋት ከጀርባዋ ሆነሽ በለሆሳስ ስሟን ጥሪ፤ ትዞራለች? ይህ ምርመራ አይደለም፤ ብትዞርም ጆሮዋ መታየቱ አይቀርም። ሲጫወቱ አጠገቧ ተቀመጪ። አትጠይቂያት፣ ዝም ብለሽ የምትሠራውን አብረሻት ሥሪ። ከማን ጋር ታወራለች? ከአሻንጉሊቷ ጋርስ? ሦስት ቀን ያየሽውን ጻፊና እናቷን ለብቻዋ አናግሪያት። «ችግር አለባት» አትበያት። «ባለፈው ወሰነ ትምህርት ብዙ ታወራ ነበር፣ አሁን ቀንሳለች፤ ቤት ውስጥስ እንዴት ናት?» በያት። ከዚያ ለሐኪም እንድታሳያት፣ ጆሮዋ በመሣሪያ እንዲታይ ንገሪያት። ስትቀርቢያት ልጅቷ ጉዳት የደረሰባት የሚያስመስል ነገር ካየሽ ወይም ከሰማሽ ግን ብቻሽን አትያዢው፤ ሦስት ቀንም አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ለርዕሰ መምህሯ አሳውቂ።

የተገኘውን ጻፊልኝ። የእሷን ቼክሊስት እስከዚያው በእርሳስ ሙይው።